የማርያ ቴሬዛን ዕንቁ የሚቆጥሩት ሰዎች፦ ገንዘባችንን የት እናስቀምጥ?

ወዳጆቼ፣ ዛሬም ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የኢትዮጵያን ነገር በዓ.ም.፣ የኬንያንና የሌላውን ዓለም እ.ኤ.አ. እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እንዳይምታታባችሁ።

ቅዳሜ ዕለት እዚህ ሞያሌ በኬንያ በኩል እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት አስቆሙኝ። እሳቸው "መምህር" ይሉኛል፣ እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ። ከእንጀራው ላይ እያጠራቀሙ 38 ሺህ ሽልንግ ደርሶላቸዋል። አንዱ "ስልክዎ ውስጥ ያስገቡት፣ ሌባ አይደርስበትም" ብሏቸዋል። ሌላው "ዶላር ይግዙ" ብሏቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ "ብር አሁን ረክሷል፣ ገዝተው ይያዙት፣ ነገ ይወደዳል" ብሏቸዋል። "ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ገንዘብ የት ነው የሚቀመጠው?" አሉኝ።

እኔ የማስተምረው ታሪክ ነው፣ የባንክ ሰው አይደለሁም። "ልሰብበትና እነግርዎታለሁ" ብዬ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። የእኛ ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት ሆኖታል።

ከአሞሌ እንጀምር። ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በግመል የሚወጣው የጨው አሞሌ በአገራችን ለብዙ ዘመን ገንዘብ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። አሞሌ ጥሩ ጎን አለው፤ ሌላው ቢቀር ይበላል። መጥፎ ጎኑም ግልጽ ነው፤ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል። የያዘው ሰው ግን ጉድለቱን በዓይኑ ያየዋል። ገንዘቡ ሲበላሽ በሬዲዮ አይነገረውም።

ቀጥሎ የማርያ ቴሬዛ ብር መጣ። ንግሥቲቱ የኦስትሪያ ናት፤ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሩ ግን እሷ ከሞተች በኋላም ያው 1780 የሚል ቁጥር እየተጻፈበት መመታቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። አንድ የገበያ ሰው ይህን ብር ሲቀበል ዝም ብሎ ኪሱ አይከትም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፣ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን "ኤስ" እና "ኤፍ" የሚሉ የላቲን ፊደላት ይፈልጋል። የተፋቀ ወይም አንድ ነገር የጎደለው ከሆነ "አልቀበልም" ይላል። የላቲን ፊደል ማንበብ የማይችል ገበሬ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው።

ከውጭ የመጡ ተጓዦች በዚህ ይገረሙ ነበር። አንዳንዶቹ ኋላቀርነት አድርገው ቆጥረውታል። እኔ ግን ተማሪዎቼን "እነዚህ ሰዎች ጎበዝ ደንበኞች ነበሩ" ነው የምላቸው። አስቡት፤ ገንዘቡን የሚመታው ሩቅ አገር ያለ፣ የማያውቁት መንግሥት ነው። ቢጭበረበሩ የሚከሱበት ፍርድ ቤት የለም። ስለዚህ ምርመራውን ራሳቸው በእጃቸው ሠሩት።

ይህ ጥርጣሬ ለራሳችንም ንጉሥ አልተመለሰም። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር በፓሪስ አስመቱ። ክብደቱ ከማርያ ቴሬዛው ጋር እኩል ነበር። ሆኖም ከከተማ ወጣ ሲባል ሰው የለመደውን መረጠ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፣ ከዓመታት በኋላም የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ወረቀቱ በነጋዴውና በከተማው አካባቢ ቀረ፤ ገጠሬው የሚመዘን ነገር ፈለገ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጣሊያኖች የሕዝቡን ጠባይ ያውቁ ስለነበር የማርያ ቴሬዛን መምቻ ቅርጽ በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ ወስደው ሮም ውስጥ ብሩን ማስመታት ጀመሩ። አገሩን ከያዙ በኋላ ሊራን በግድ ሊያስለምዱ ሞከሩ። ሕዝቡ ብሩን ደበቀው። ሊራ የያዘ ሰው በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም።

አሁን የሚመጣው ለእኛ ለሞያሌዎች ደስ የሚል ክፍል ነው። እንግሊዞች ከጣሊያን በኋላ ሲገቡ የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው ገቡ። ይህ ያኔ በኬንያ የሚሠራበት ሽልንግ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ዓመታት ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይሠራ ነበር። ይህ እስከ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ቆየ፤ በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ የራሷ ገንዘብ ወጣ። ምንዛሬውም አንድ የኢትዮጵያ ብር በሁለት ሽልንግ ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ አንድ ብር ሁለት ሽልንግ! ዛሬ ከመንዛሪዎቹ ፊት ቆማችሁ ይህን ብትናገሩ ይስቁባችኋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የኖት ቅየራ ታሪክ ነው። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ምስል የያዙትን ኖቶች ቀየረ። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም ኖቶቿን ቀየረች። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሊቀየሩ እንደሆነና አዲስ የ200 ብር ኖት እንደሚወጣ ተነገረ። የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ከአገሬ ስወጣ ከመምህርነት ደመወዜ ያጠራቀምኩትን 14 ሺህ 600 ብር በጃኬቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ነበር የወጣሁት። እዚህ ደርሼም አልነካሁትም። "ይህ የመመለሻዬ ነው" እል ነበር። ቅየራው ሲታወጅ ባንኩ ከድንበሩ ማዶ፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ግን ስደተኛ ነኝ፤ ያን መስመር ተሻግሬ ወረፋ መያዝ አልችልም። ሁለት ወር "አንድ መላ ይገኛል" እያልኩ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ለሚሻገር ሰው በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ እሱም አደጋ ወስዷል። ገበሩን ስተረትር ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌባ እንዳይወስደው አስቤ ነበር፣ ዝናብ እንዳይነካው አስቤ ነበር። ቀን እንደሚያልፍበት አላሰብኩም።

"የኢትዮጵያ ነገር ነው" የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ኬንያ በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. አዲስ ኖቶች አወጣችና የድሮው 1,000 ሽልንግ ከጥቅምት 1 ጀምሮ እንደማይሠራ አሳወቀች። 4 ወር ብቻ ነበር። ሕንድ በኅዳር 8 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ማታ የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶችን ሰረዘች፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ገበያ ላይ አልሠሩም። በሌላ በኩል ጎረቤታችንን ሶማሊያን እዩ። በ1991 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ሲፈርስ ማዕከላዊ ባንኩም ፈረሰ፣ የሶማሊያ ሽልንግ ግን ገበያ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። የሚሰርዘው አልነበረም። የሚጠብቀውም ስላልነበረ የግል ሰዎች ኖቱን እያሳተሙ አረከሱት። መንግሥት ያለው ገንዘብ ሊሰረዝ ይችላል፤ መንግሥት የሌለው ደግሞ ማንም ያትመዋል።

ብር ገዝተው ይያዙ ላሏቸው ሰው መልሱም ከዚሁ ታሪክ ይገኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዕለት ወደ 74 ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። "ረክሷል፣ ይመለሳል" ማለት ተስፋ ነው፤ በተስፋ ላይ የእንጀራ ገንዘብ አይጣልም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ኤም-ፔሳ እዚህ ኬንያ የተጀመረው በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገባ። እኔ የስልክ ገንዘብ ጠላት አይደለሁም። አንድ ሺህ የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ ለመጓዝ በቅሎ ይፈልጋል። ዛሬ ያን የሚያህል ዋጋ በደቂቃ ናይሮቢ ይደርሳል። ኬንያ ውስጥ ደንበኛ ያስገባው ገንዘብ ለብቻው በአደራ ሒሳብ ባንክ ውስጥ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ኩባንያው እንደ ራሱ ገንዘብ አያዝበትም። ይህ ጥሩ ነገር ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኛ ስደተኞች በራሳችን ስም ሲም ማውጣት ስለሚያስቸግረን ብዙዎቻችን በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ሲም ነው የምንይዘው። አብሮኝ ይኖር የነበረ አንድ ወንድማችን ለሁለት ዓመት ያጠራቀመውን በእንዲህ ያለ ሲም ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ሲሙን ያወጣለት ሰው ሌላ ከተማ ሄደና "ሲሜ ጠፋ" ብሎ አዲስ አወጣ። የወንድማችን ስልክ አንድ ቀን ጠዋት ኔትወርክ አጣ። ሊያመለክት ሲሄድ መጀመሪያ የተጠየቀው መታወቂያ ነው። ሲሙ በስሙ አይደለም፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ የጠፋ ገንዘብ የለውም። ሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አልነገረም ነበር፤ የተነጠቀው በስሙ ባለመሆኑ ነው።

አያቶቻችን ብሩን ገልብጠው ዕንቁ ይቆጥሩ ነበር። እኛ ስልኩ "ተቀብለዋል" የሚል መልእክት ሲልክልን በቃ ብለን እንተኛለን። የስልክ ገንዘብም፣ የወረቀት ገንዘብም የሚቆጠር ዕንቁ አለው። ለእኔ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፦ በማን ስም ነው? በስሜ ካልሆነ የእኔ አይደለም፤ አደራ ነው። አደራ የሚሰጠው ደግሞ ለሚታመን ሰውና ለአጭር ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፦ ማን ሊሰርዘው ይችላል? ቢሰረዝስ የመቀየሪያው ቦታ እኔ ልደርስበት የምችለው ነው? ቀበሌ መታወቂያ ያለው ነጋዴ የሚደርስበት ባንክ እኔ አልደርስበትም። ለእሱ 3 ወር በቂ ነው፤ ለእኔ 3 ዓመትም አይበቃም።

ሦስተኛ፦ በቸገረኝ ሌሊት ይወጣል ወይ? ልጅ ታሞ ኔትወርክ ከጠፋ፣ ኤጀንቱ "ፍሎት የለኝም" ካለ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው 38 ሺህ ቁጥር ብቻ ነው። ዶላሩም እንዲሁ ነው፤ ማታ የሚመነዝርልህ የለም፣ ቤትህ እንዳለም ከታወቀ ራሱ ሌባ ይጠራል።

ሦስቱንም የሚያልፍ ገንዘብ አላገኘሁም። አሞሌም አላለፈም፣ ማርያ ቴሬዛም አላለፈችም። ስለዚህ ትናንት ወደ እትዬ ሄጄ ያልኳቸው ይህን ነው፦ "ሁሉንም አንድ ቦታ አያድርጉት። የሁለት ሳምንት ወጪ በሽልንግ ኖት እጅዎ ላይ ይሁን። ስልኩ ውስጥ የሚያስገቡት በራስዎ ስም በወጣ ሲም ብቻ ይሁን፤ ለጤፍና ለዱቄት የሚከፍሉት ያህል ይበቃል። የቀረውን ዕቃ ያድርጉት። ሁለተኛ ምጣድ ይግዙ፣ ዱቄት በጅምላ ይያዙ። ዕቁብ ከገቡም ሰዎቹ የሚተዋወቁበት ትንሽ ዕቁብ ይሁን። ብር ግን ለማትረፍ ብለው አይግዙ።"

ዝም ብለው ሰሙኝና "ሲሙስ የጎረቤቴ ነው" አሉኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዛሬ ጠዋት አብረን ገንዘቡን ከስልኩ አወጣን። በእጃቸው ያለው የስደተኛ ወረቀት ሲም ለማውጣት ይበቃ እንደሆነ ሰኞ አብረን ሄደን እንጠይቃለን። ካልሆነ ምጣዱ ይቀድማል።

ወዳጆቼ፣ እናንተም አሁኑኑ ስልካችሁን አንሡና ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጡ። በሌላ ሰው ስም ከሆነ ዛሬውኑ ከውስጡ ያለውን ቀንሱ። በካኩማ፣ በናይሮቢ፣ በካምፓላ፣ በካርቱም ያላችሁ ደግሞ እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ እዚሁ ከታች ጻፉልን፤ ሌላውም ያነበዋል። የገንዘባችሁን መጠንና ስልክ ቁጥራችሁን ግን እንዳትጽፉ።

ሰላም ሁኑ።
ከሞያሌ