ሁለት ዓይን ለማን ይሳላል?

በአገራችን ጀግና በሐውልት ከመከበሩ አስቀድሞ በግድግዳ ሥዕል ይከበር ነበር። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሳሉት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ወደ ጦርነት ታሪክ ሲዞሩም የ1888ቱን የዐድዋ ድል በዚያው ጥበብ ሣሉት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ዐፄ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን ከታች፣ የየመኳንንቱን ስም ደግሞ ከየራሳቸው በላይ። ደንባቸው የታወቀ ነው። ወገን ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ጠላት በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም የሚኖር አንድ ዘመዴ በአዲሱ ቤቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ሊያስል አስቦ፣ ምን ምን ይግባበት ሲል አማከረኝ። አሳቡ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ የትኛው በላይ ይሳል?

አባ ኮስትር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጎጃም በረሃና ሸለቆ ከጣልያን ጋር የተፋለመ አርበኛ ነው። ይህን ለመሳል ሠዓሊው አይቸገርም፤ ጠላቱ የታወቀ ነውና ደንቡ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ነፃነት ሲመለስ የቢቸና ገዥ ሆኖ የተሾመው በላይ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ ተይዞ ተፈረደበት፤ ከእስር ቤት አምልጦ እንደገና ተያዘ፤ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ በጠላት ዘመን ከጣልያን ወገን ቆሞ የነበረ ሰው ነው። አርበኛውና ባንዳው በአንድ መስቀያ ላይ! ፈራጁም ሰቃዩም ወገን ናቸው። ታዲያ በዚህ ሥዕል ላይ አንድ ዓይን የሚሳልለት ማን ነው?

የቀድሞው ደንብ እዚህ ላይ ይቆማል። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በግድ እናሠራዋለን። እያንዳንዱ የመንደሩን ጀግና በሙሉ ፊት፣ የጎረቤቱን በጎን ይስላል። አንዱ ወገን ሐውልት ያቆመለትን ሌላው እንደ ጨፍጫፊ ያየዋል። መንግሥትም ቢሆን በላይን በመንገድና በአውሮፕላን ማረፊያ ስም አክብሮታል፤ ሆኖም የመንገድ ስም ሰውየው እንዴት እንደ ሞተ አይናገርም።

የቤት ግድግዳ ከአደባባይ የሚሻልበት ምክንያት ይኸው ነው። የሐውልቱን መልክ የሚወስነው ሥልጣን ላይ ያለው ነው፤ የሳሎኑን ግን ባለቤቱ። ልጆች በየቀኑ ያዩታል፤ ይጠይቁበታል። ስለዚህ ለዘመዴ የሰጠሁት ምክር አጭር ነው። እንደ ጥንቱ በጥጥ ጨርቅ ላይ አስለህ ለጥፈው፤ በአንድ ወገን ውጊያው፣ በሌላው ወገን መስቀያው ይሁን። ከእያንዳንዱ ሰው ራስ በላይ ስሙ፣ ከሥር ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። በመስቀያው ዙሪያ የቆሙት ሁሉ፣ ሰቃዮቹም ጭምር፣ ሁለት ዓይን ይኑራቸው።

ልጅህ «ይህን ጀግና ጣልያን ነው የሰቀለው?» ብሎ ሲጠይቅህ «አይደለም፤ እኛው ነን» ለማለት ድፈር። ይህን መልስ በየቤታችን ሳንለምደው በአደባባይ ስለ ታሪክ የምናደርገው ክርክር ከስድብ አያልፍም።