ንፍጥና አንዲት የጠፋች ፊደል

እኛ ሰፈር «ንፍጣም» ስድብ ነው። ስድቡ ግን ትንሽ ግፍ አለበት። ያ ዝልግልግ ነገር ባይኖር ሳንባችንም አንጀታችንም ለጀርም ወለል ብሎ የተከፈተ በር በሆነ ነበር። ንፍጥን የሚያዝለገልገው ሙሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የዛሬው ወግም ስለሱ ነው።

መቁጠሪያ አስቡ። አንድ ዓይነት ዶቃ ክር ላይ እየተደጋገመ ይሰካል፤ በየዶቃው ላይ ደግሞ የስኳር ዘለላ ይንጠለጠላል። ስኳሩ ውኃ ይይዛል፣ ዝልግልግነቱም ከዚያ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ ውስጥ እነ ዳላስ ስዋሎው ዛሬ ሙክ1 የምንለውን ጂን ሲመረምሩ የዶቃው ቁጥር ከሰው ሰው እንደሚለያይ አዩ። ከእናት የመጣው 40፣ ከአባት የመጣው 80 ቢሆን ብርቅ አይደለም። እያንዳንዷ ዶቃ ጂኑ ላይ 60 ፊደል ናት።

ለነገሩ «ሙክ1፣ ሙክ2» የሚለው ቁጥር በተገኙበት ተራ የተሰጠ ስለሆነ ዝምድና አትፈልጉበት። ክሮሞሶም 11 ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩት አራቱ እውነተኛ ወንድማማቾች ናቸው፤ ዘራቸውም ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የስዊድን ተመራማሪዎች አበባ የምትመስል፣ አጥንት የሌላት የባሕር እንስሳ ውስጥ ሳይቀር ዘመዶቻቸውን አግኝተዋል። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን በስም ብቻ የተገናኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው በፋሎ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 49 አጥቢ እንስሳትን አነጻጽሮ፣ ሌላ ሥራ ላይ የነበረ ፕሮቲን ዶቃ እየደራረበ ሙሲን የሆነበትን 15 አጋጣሚ ቆጠረ። ዝግመተ ለውጥ አንድ ዘዴ ከተመቸው ይደጋግመዋል ማለት ነው።

ድግግሞሹ ግን ጣጣም አለው።

በዘር የሚተላለፍ አንድ የኩላሊት በሽታ አለ። ሕመም የለው፣ ሽንት ላይ የጎላ ምልክት የለው፤ ድምፁን አጥፍቶ ኩላሊቱን ይጨርስና ሰውዬውን ከእጥበት ማሽን ሥር ያስተኛዋል። አንዱን ገና በ20ዎቹ፣ ሌላውን ሸምግሎ ይደርስበታል። ከወላጅ አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቆጵሮስ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት ጥፋተኛው ክሮሞሶም 1 ላይ እንዳለ ተደረሰበት። ሰፈሩ ታወቀ፤ ቤቱ ግን 15 ዓመት ጠፋ!

በመሃል እኮ እ.ኤ.አ. በ2003 «የሰውን ጂኖም አንብበን ጨረስን» ተብሎ ተደግሷል። ታዲያ ይህ እንዴት አመለጠ? ከዚያ በኋላ የመጡት ፈጣን ማሽኖች ዲኤንኤውን ቆራርጠው በአጫጭሩ ያነቡታል፣ ኮምፒዩተር ደግሞ ይገጣጥመዋል። ቁርጥራጮቹ ሁሉ አንድ ሲመስሉስ? የትኛው ዶቃ ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር በምን ይለያል? እንዲህ ያለውን ቦታ ማሽኑ በወጉ ሳያነበው ያልፋል።

ማሳቹሴትስ የሚገኘው የብሮድ ኢንስቲትዩት ቡድን ስድስት ቤተሰቦች ይዞ በፈጣኑ ማሽን ሞከረ፤ ምንም። ወደ አሮጌውና አድካሚው ዘዴ ተመለሰ፤ ሙክ1ን ዶቃ በዶቃ ገጣጠመው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተመ፦ ከዶቃዎቹ በአንዷ ላይ ሰባት ተከታታይ «ሲ» መሆን የነበረባቸው ስምንት ሆነዋል። አንድ ፊደል! ከሷ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ተዛነፈ፤ የተዛነፈው ፕሮቲንም የኩላሊት ሕዋስ ውስጥ ይከማቻል። የባሰው ደግሞ በስድስቱም ቤተሰቦች ያው ዓይነት ስህተት መገኘቱ፣ በየቤቱም ለብቻው የተፈጠረ መምሰሉ ነው።

እነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ወንድም ለወንድሙ «የኔን ኩላሊት ውሰድ» ሲል፣ የሚሰጠው ኩላሊት ያንኑ በሽታ ይዞ ይሁን አይሁን በቀጥታ የሚነግረው የጂን ምርመራ ከዚያ በፊት አልነበረም። አሁን አለ። ተራው የጂን ምርመራ ስለሚስተው ግን ሐኪሙ ለብቻው ማዘዝ አለበት።