የአሮጌ መኪና ቁልፍና የርስት ቆጠራ

በመንዝ አገር፣ በቀድሞው የርስት ሥርዓት፣ መሬትን ማረስ ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ አልነበረም። «ይህ ርስቴ ነው» ብሎ በዳኛና በሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ከአቅኚው አባት ተነሥቶ ትውልዱን እየቆጠረ እስከ ራሱ እንዲያደርስ፣ ቆጠራውንም በምስክር እንዲያጸና ይጠየቅ ነበር። በማማ፣ በላሎና በጌራ ምድር ብዙ ሙግት የተካሄደው፣ ብዙ ሙግትም የተፈታው በዚህ መንገድ ነው። ሥርዓቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል። የማስረጃው ስልት ግን ከመሬት ጋር አብሮ ሊቀር የሚገባው አይመስለኝም። ለእኛ ሞያ፣ ይልቁንም አሮጌ መኪና ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ለምንደክም ባለሞያዎች፣ ዛሬም ትምህርት ይሰጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጌ ስፖርት መኪና ባለቤት አንድ ዘለላ ቁልፍ ይዞ ወደ ጋራዥ ይመጣና «ከእነዚህ መካከል ከፋብሪካው አብሮ የመጣው የትኛው ነው?» ሲል ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «የሚከፍተው ነዋ!» የሚል ነው። ይህ መልስ «ያረሰው ባለርስት ነው» እንደ ማለት ይቈጠራል። ቁልፍ መክፈቱ የሚያስረዳው ዛሬ ከዚያ ቤት ጋር መስማማቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ መኪና ጋር መወለዱን አያስረዳም።

ይህን ለመረዳት ፋብሪካዎች ስንት ዓይነት ቁልፍ ይሠሩ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ፎርድ «ሞዴል ቲ» በተባለው መኪናው ላይ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሲገጥም፣ ቁልፎቹ ከ51 እስከ 74 ባለው ቁጥር ብቻ የሚጠሩ ነበሩ። ይህም ማለት በዓለም ዙሪያ ለተበተኑት እጅግ ብዙ መኪኖች የተሠሩት የቁልፍ ዓይነቶች 24 ብቻ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ ከእነርሱም መካከል በታወቁት የስፖርት መኪኖች ላይ የተገጠመው «ኤፍ ኤስ» የተባለው የቁልፍ ተራ እንኳ ከ876 እስከ 955 የሚደርስ፣ ጠቅላላ ቁጥሩም 80 ብቻ ነው። እንግዲህ የአንዱ ቁልፍ የጎረቤቱን መኪና ቢከፍት ሊያስደንቀን አይገባም።

ስለዚህ ቆጠራው ከሥር መጀመር አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪናው በተሠራበት ዘመን ቁልፍ ምን ይሠራ ነበር?» የሚል ነው። በ1900 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊና አንድ ጀርመናዊ የየሀገራቸውን ሥሪት መኪና እየነዱ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ በደረሱበት ዘመን፣ ሞተር የሚነሣው በሰው ክንድ፣ በማኒቬላ እየተጠመዘዘ ነበር። የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ የተገጠመው ለ1912 እ.ኤ.አ. በተሠራው ሞዴል ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለብዙ ዘመን ቁልፍ የሚያደርገው የኤሌክትሪኩን መሥመር ማገናኘት ብቻ ሲሆን፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሌላ የሚጫን ወይም የሚሳብ ነገር ነበር። ክራይስለር ቁልፉ ራሱ ተጠምዝዞ ሞተር እንዲያስነሣ ያደረገው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገርም ከ1955 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ኤም ጂ ኤ» የተባለው የስፖርት መኪና ቁልፍና የሚሳብ ማስነሻ ለየብቻ ሲኖሩት፣ በ1962 እ.ኤ.አ. የተተካው «ኤም ጂ ቢ» ግን በቁልፉ ይነሣል። በመሆኑም በ«ኤም ጂ ኤ» ላይ ሞተር የሚያስነሣ ቁልፍ ተገጥሞ ብናገኝ፣ ምንም ያህል አሮጌ ቢመስል ኋላ የገባ መሆኑን ያለ ጥርጥር ማወቅ እንችላለን።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚቀርበው ለቁልፉ ሳይሆን ለቁልፉ ቤት ነው። ቁልፍ ይጠፋል፣ ይለወጣል፣ በኪስ ይዞራል፤ ቤቱ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ስለ ሆነ የታመነ ምስክር ነው። በብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች የሞተር ማስነሻው ቁጥር በቤቱ ፊት ላይ ተመትቶ ይነበባል። የበሩ ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እጀታው ተፈትቶ ውስጡ ሲታይ ነው። የቤቱ ቁጥርና የቁልፉ ቁጥር ከተስማሙ፣ የቁልፉ ምላስ ቦይም ከተራው ጋር ከገጠመ፣ ትውልዱ ሁለት እርከን ተቈጠረ ማለት ነው። በብሪታንያ የሞተር ኢንዱስትሪ ቅርስ ተቋም የተጠበቁት የፋብሪካ መዛግብት ደግሞ ለአንዳንድ መኪኖች ከሻንሲና ከሞተር ቁጥር ሌላ የቁልፍ ቁጥር ጭምር የያዙ በመሆናቸው፣ ሦስተኛው እርከን ከዚያ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ የቁልፉን መልክ የሚመለከት ነው። በአሜሪካ የጄነራል ሞተርስ መኪኖች፣ ኮርቬት የተባለው የስፖርት መኪና ጭምር፣ ለብዙ ዘመን በብሪግስና ስትራተን ፋብሪካ ቁልፍ ሲገለገሉ ኖረዋል። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ ራሱ ስምንት ማዕዘን የሆነው ቁልፍ ለሞተር ማስነሻ፣ ራሱ ክብ የሆነው ደግሞ ለኋላው የዕቃ ማስቀመጫና ለዳሽቦርዱ ኪስ ነበር። ቁጥሩ የሚመታው በቁልፉ ራስ ላይ ሳይሆን በራሱ መካከል በምትገኝ፣ ተገፍታ በምትወጣ ትንሽ ብረት ላይ ነው። ይህም የተደረገው ባለቤቱ ብረቲቱን አውጥቶ ለብቻዋ እንዲያኖራት፣ ሌባም ቁልፉን አይቶ ቁጥሩን እንዳያውቅ ነው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የምላሱ ቦይ በየዓመቱ እየተለዋወጠ በላቲን ፊደል መለየት ጀመረ። ስለዚህ በ1965 እ.ኤ.አ. ለተሠራ ኮርቬት የዚህ ባለ ፊደል ተራ ቁልፍ ቢቀርብልን፣ ቢገባም ባይገባም የመኪናው ልጅ አይደለም።

እስከዚህ የተነገረው በማንኛውም አገር የሚሠራ ነው። በአገራችን ግን ቆጠራውን የሚያወሳስብ የራሳችን ታሪክ አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሠርቶ ጣርማበር ላይ ተራራው ሲበሳ፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ ለመኪና ተከፈተ። ከዚያው አካባቢ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣው፣ በሌላ በኩልም የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ መርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ የሚዘልቀው መንገድ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ እንጂ የስፖርት መኪና መንገድ አልነበረም። ሆኖም በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ የተፈጠረው የጥገና ልማድ ወደ አዲስ አበባ ጋራዥም ገብቷል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ብርድ ቁልፍ የጠፋበት ሾፌር የፋብሪካ ቁጥር ፈልጎ አይጽፍም፤ ሽቦ ያገናኛል፣ ከወደቀ መኪና የቁልፍ ቤት ፈትቶ ይገጥማል፣ ወይም በሞረድ ቁልፍ ያስቀርጻል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ስንቀበል «ቁልፍ»ና «መክፈቻ» የራሳችን ሆነው እንደ ቀሩ ሁሉ፣ የቁልፍ አሠራሩም በአገር ብልሃት ቀጥሏል።

ከዚህ የተነሣ በእጃችን የሚገባ አሮጌ መኪና ሦስት ልዩ ልዩ ቁልፍ ይዞ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። የበሩ ቤት የራሱ፣ የማስነሻው ከሌላ መኪና የተወሰደ፣ የኋላው ደግሞ በእጅ የተሞረደ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለሞያው ሁሉንም ቤቶች አንድ በአንድ ፈትቶ ቁጥራቸውን ይመዝግብ፤ የትኛው ከመኪናው ዘመን ጋር እንደሚስማማ፣ የትኛው ኋላ እንደ ገባ ለይቶ ይጻፍ። አዲስ ቁልፍ ማስቀረጽ ካስፈለገም በቤቱ ቁጥር መሠረት ይቀረጽ እንጂ ካለቀው ቁልፍ ላይ አይገልበጥ፤ ያለቀ ቁልፍ ሲገለበጥ ድካሙም አብሮ ይገለበጣልና።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን በሞረድ የተሠራው ቁልፍ ዕጣ ነው። የቀድሞውን መልክ ለመመለስ የሚደክም ሰው ይህን ቁልፍ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መጣል ይቀናዋል። እንዲህ ማድረግ ግን ስሕተት ነው። ያ ቁልፍ የፋብሪካው ልጅ አይደለም፤ ነገር ግን መኪናው በዚህ አገር ለመኖሩ፣ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን በኢትዮጵያዊ እጅ ለመዳኑ ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለም። ቦታው በማስነሻው ላይ ባይሆን እንኳ፣ ምንነቱ ተጽፎበት ከመኪናው ሰነድ ጋር ሊቀመጥ ይገባዋል። አሳፋሪው ነገር ቁልፉ በሞረድ መሠራቱ ሳይሆን፣ የተሞረደውን ወይም አዲስ ተሠርቶ የድሮ መልክ የተሰጠውን «ከፋብሪካው የመጣ ነው» ብሎ መሸጥ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከመጓጓዣነት ይልቅ ወደ ቅርስነት እየተጠጉ ነው። ቅርስ ደግሞ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ሐሰተኛ ምስክር ይበዛበታል። የሞያ ባልደረቦቻችን አንድ አሮጌ መኪና ለጥገና በተረከቡ ጊዜ ሁሉ የየቤቱን ቁጥር፣ የየቁልፉን መልክና የተለወጠውን ነገር በአንድ ገጽ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ድካሙ የአንድ ቀን ሲሆን ጥቅሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የመንዝ ባለርስት ትውልዱን የሚቈጥረው በቃሉ ነበር፤ ቆጣሪው ሽማግሌ ሲሞት ግን ቆጠራው አብሮት ይቀበር ነበር። እኛ ብዕርና ወረቀት አለን።