ጭምብል ለባሾቹና የወንጀል መርማሪው

በአሜሪካ የኮሚክ ታሪክ የወንጀል መርማሪውና ልዕለ ጀግናው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የወጡት በርካሽ ወረቀት እየታተሙ በሳንቲም ይሸጡ ከነበሩት የልብ ወለድ መጽሔቶች ነው። ለመርማሪው ዋነኛ መፍለቂያ የሆነው በ1920 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጀመረው «ብላክ ማስክ» ነበር። ቀድሞ በፒንከርተን የምርመራ ድርጅት የሠራው ዳሺል ሃሜት «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን በተከታታይ ያወጣው በዚሁ መጽሔት ነው፤ ሬይመንድ ቻንድለርም የመጀመሪያ የወንጀል ታሪኩን በ1933 ያሳተመው እዚያው ነው። የእነዚህ ደራስያን መርማሪ ፖሊሱ ጉቦ በሚበላበት፣ ባለሥልጣኑ በሚገዛበት ከተማ እውነቱን ብቻውን የሚያሳድድ ሰው ነው። ይህን መንፈስ የተላበሱት የሆሊውድ ፊልሞች በ1946 በፈረንሳይ ሐያስያን ብዕር «ኑዋር» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ስሙም ለመላው ዘርፍ ተረፈ።

ኮሚክ አሳታሚዎች መርማሪውን የተቀበሉት ልዕለ ጀግና ገና ለኅትመት ሳይበቃ ነው። በ1937 በወጣው የ«ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» የመጀመሪያ እትም ውስጥ ስላም ብራድሊ የተባለ፣ ቡጢ ለመሰንዘር የማያመነታ የግል መርማሪ አለ። የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ናቸው፤ እነዚሁ ወጣቶች በዓመቱ ሱፐርማንን አወጡ። ባትማንም በ1939 ብቅ ያለው በዚያው መጽሔት 27ኛ እትም ሲሆን፣ የመጀመሪያ ታሪኩ የግድያ ምርመራ ነው። ደራሲው ቢል ፊንገር ሴራውን የተዋሰው «ዘ ሻዶው» ከተባለው የልብ ወለድ መጽሔት የ1936 ታሪክ ነበር።

መርማሪውንና ልዕለ ጀግናውን በአንድ ገላ ያዋሐዳቸው ግን ዊል አይስነር ነው። በሰኔ 1940 ከእሑድ ጋዜጦች ጋር መታደል የጀመረውን «ዘ ስፒሪት» ሲያዘጋጅ ከእሱ ይጠበቅ የነበረው ልዩ ልብስ የለበሰ ጀግና ነበር። አይስነር ያቀረበው ዴኒ ኮልትን ነው፤ ሞቷል ተብሎ የተቀበረ፣ በመቃብር ሥፍራ ሥር ተደብቆ የሚኖር፣ ሱፍና ኮፍያ የለበሰ መርማሪ። ለጠየቁት ሰዎች ሲል ዓይኑ ላይ ትንሽ ጭምብል አሰረለት፤ ከዚያ በቀር ተራ ሰው ነው፤ ይደበደባል፣ ይቆስላል። በዝናብ የራሰ ጎዳና፣ በመንገድ መብራት ሥር የሚረዝም ጥላ፣ ከጣሪያ ወደ ታች የሚመለከት ዓይን፦ የኑዋር ኮሚክ እስከ ዛሬ የሚሣልበት ስልት በብዙ መልኩ ዕዳው በየሳምንቱ ይወጡ ለነበሩት ለእነዚያ 7 ገጾች ነው።

መርማሪውና ልዕለ ጀግናው የተለያዩት በ1954 ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርታም ኮሚክ ለወጣቶች ወንጀል አንዱ ምክንያት ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ የሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴም በኒው ዮርክ ምስክር ሰማ። አሳታሚዎቹ የመንግሥት እጅ ሳይደርስባቸው ራሳቸውን የሚገዙበት ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት ወንጀለኛ ሁልጊዜ መቀጣት ነበረበት፤ ፖሊስና ዳኛ ክብራቸውን በሚያጎድፍ መልኩ መቅረብ አልነበረባቸውም፤ «ወንጀል» የሚለው ቃል እንኳ በሽፋን ላይ ከሌሎቹ ቃላት ጎልቶ እንዳይጻፍ ተከልክሎ ነበር። ልዕለ ጀግናው በዚህ አጥር ውስጥ መኖር ቻለ፤ ክፉን አሸንፎ ለሕግ ማስረከብ ድሮም ሥራው ነበር። ብልሹ ፖሊስና ያልተቀጣ ገዳይ ከተከለከሉ ግን ለኑዋር መርማሪ የሚተርፍለት ታሪክ የለም። ደንቡ በ1971 ቢላላም፣ ዘርፉ ጥቂት የማይባሉ ዓመታት ባክነውበታል።

መርማሪው በሙሉ ኃይሉ የተመለሰው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት መውጣት የጀመረው የአላን ሙርና የዴቭ ጊቦንስ «ዋችመን» የሚከፈተው ከመስኮት ተወርውሮ በተገደለ ሰው ቤት ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ሲመረምሩ ነው። ሟቹ ጡረታ ያልወጣ ጭምብል ለባሽ መሆኑን ደርሶበት ገዳዩን የሚያሳድደው ሮርሻክም ካፖርትና ኮፍያ ለብሶ ማስታወሻ የሚጽፍ፣ ከ«ብላክ ማስክ» ገጾች የወጣ የሚመስል ሰው ነው። በ1987 ደግሞ ፍራንክ ሚለርና ዴቪድ ማዙኬሊ በ«ባትማን፦ ዪር ዋን» ከባትማን እኩል ቦታ የሰጡት በጉቦኞች መካከል ብቻውን ለቆመው ፖሊስ ለጂም ጎርደን ነው።

የዘርፉ ምርጥ ሥራ በ2000 በኢሜጅ ኮሚክስ የወጣው «ፓወርስ» ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደራሲው ብራያን ማይክል ቤንዲስ የክሊቭላንድ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በ«ቶርሶ» በከተማይቱ በ1930ዎቹ ስለተፈጸሙት ግድያዎች ጽፏል። በ«ፓወርስ» ክርስቲያን ዎከርና ዲና ፒልግሪም ልዩ ኃይል ያላቸው ሰዎች ያሉበትን ግድያ የሚይዙ የፖሊስ መርማሪዎች ናቸው፤ የመጀመሪያ መዝገባቸው ሕዝብ የሚወዳት ጀግና ሬትሮ ገርል ሞት ነው። ተራው የልዕለ ጀግና ታሪክ ሕንፃው ሲፈርስ ያልቃል፤ ይህኛው ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ሬሳውን ማን ያነሣል? ግድግዳ የሚያፈርስ ተጠርጣሪ እንዴት ይታሰራል? ለጋዜጠኞቹስ ምን ይነገራል? ዎከር ራሱ ቀድሞ ዳይመንድ የተባለ ጀግና ነበር፤ ኃይሉን አጥቶ ነው ባጅ የያዘው። ሰማይ ላይ ይበር የነበረ ሰው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ቃል ሲቀበል ማየት ከየትኛውም ፍልሚያ በላይ ልብ ይነካል። የማይክል አቮን ኦሚንግ ሥዕል እንደ ልጆች የቴሌቪዥን ካርቱን ቀለል ባለ መስመር ይሠራና ግማሹን ገጽ በጥቁር ቀለም ይውጠዋል፤ የቤንዲስ የተቆራረጠ ንግግርም በተደረደሩ ትናንሽ ፊቶች ላይ ይፈሳል። «ፓወርስ» በ2001 በአይስነር ስም የተሰየመውን ሽልማት በምርጥ አዲስ ተከታታይ ዘርፍ አሸነፈ።

በዚያው ዓመት ማርቭል ከ1954ቱ ደንብ ወጥቶ ለአዋቂዎች «ማክስ» የተባለ ክፍል ሲከፍት ቤንዲስ ከሠዓሊው ማይክል ጌይዶስ ጋር «ኤሊየስ»ን አወጣ። ጄሲካ ጆንስ የጀግንነት ልብሷን ጥላ የግል መርማሪ ሆናለች። ምክንያቱ የሚገለጠው በመጨረሻ ነው፤ ፐርፕል ማን የተባለው የሰውን ፈቃድ የሚሰርቅ ሰው ለወራት በቁጥጥሩ ሥር አድርጓት ነበር። በ2015 የኔትፍሊክስ ድራማ ሆኖ ከኮሚክ አንባቢው ክበብ ውጭም ታወቀ።

«ጎታም ሴንትራል» ደግሞ የኤድ ብሩቤከርና የግሬግ ሩካ ሥራ ነው፤ በዋናነት የሣለው ማይክል ላርክ ነው። እስከ 2006 በወጡት 40 እትሞች ባትማን አልፎ አልፎ ብቻ ይታያል፤ ዋናዎቹ በእሱ ከተማ የሚሠሩት ፖሊሶች ናቸው፤ እርዳታውን መጠየቅ ያዋርዳቸዋል። ፖሊስ ከባትማን ጋር መሥራቱን በሕግ ፊት ማመን ስለማይችል የጥሪ መብራቱን የምታበራው ስቴሲ የተባለች ጊዜያዊ ጸሐፊ ናት። በመጨረሻው ታሪክ መርማሪ ክሪስፐስ አለንን የሚገድለው ብልሹ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ገዳዩ ሳይቀጣ ይቀራል፤ የአለን ጓደኛ ረኔ ሞንቶያም ባጇን አስረክባ ትወጣለች። የ1954ቱ ደንብ የከለከለው ሁሉ በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ አለ።