ማንኪያው ላይ የተቀረጸው ዓመት የማን ነው?

አሮጌ የኖርዌይ የብር ማንኪያ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እጀታው ላይ የተቀረጸ ዓመት ነው። 1742 የሚል ካገኘ ማንኪያው በ1742 ተሠራ ብሎ ያርፋል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ግን ከማንኪያው ምልክቶች ሁሉ በዕድሜ ጉዳይ እምነት የማይጣልበት ይኸው ዓመት ነው ባይ ነኝ። ያስቀረጸው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ነው፤ ያስቀረጸውም ሠርግን፣ ክርስትናን ወይም የሟችን መታሰቢያ ብሎ ነው። ብር ለገበሬ ቤተሰብ የተቀማጭ ሀብት ስለነበረ ማንኪያ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በተላለፈ ቁጥርም አዲስ ስምና አዲስ ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ምልክት ክብደት ለማወቅ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ማን እንዳኖረውና ለምን ዓላማ እንዳኖረው ነው።

ከዓመቱ ጎን የሚታዩት ፊደላትም የአንጥረኛው እየመሰሏቸው ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከ1923ቱ የስም ሕግ በፊት ብዙ የኖርዌይ ገጠሬ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረውም፤ በራሱና በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ በአባቱ ስም ላይ ልጅነቱን የሚያመለክት ቃል ይታከልበታል። ከሦስት ፊደላት የመጨረሻው ኤስ ከሆነ የእገሌ ወንድ ልጅ፣ ዲ ከሆነ የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው። በአባቱ ስም ለሚጠራው ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አንዱ በኤስ፣ አንዱ በዲ የሚያልቁ ሁለት ተርታዎች ጎን ለጎን ከተገኙ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ መገመት ያስኬዳል፤ ማንኪያው የመጣበት አጥቢያ ከታወቀም የቤተ ክርስቲያኑን የጋብቻ መዝገብ ማገላበጥ ይቻላል። እንዲህ ያለው ፍለጋ ባለቤቶቹን ያስገኛል። አንጥረኛውን አያስገኝም።

አንጥረኛው ያለው በትንሿ ማህተም ውስጥ ነው። የበርገን ወርቅና ብር አንጥረኞች በ1568 ማኅበር አቋቁመዋል፤ በማኅበር ሥርዓት የሚሠራ የከተማ አንጥረኛ በሥራው ላይ የስሙን ፊደላት ይመታል፤ የከተማው ምልክትና የብር መርማሪው ማህተምም እየቆየ ተጨመረ። ዓላማው ጌጥ አልነበረም። የብር ጥራት ሎድ በሚባል መለኪያ፣ ንጹሑ 16 ሎድ ተብሎ ይሰላ ነበርና፣ 13 ከሩብ ሎድ የተባለው የኖርዌይ ብር ከሺህ 828 እጅ ንጹሕ ብር የያዘ ነው፤ ገዢው መዳብ እንዳልበዛበት ዋስትና የሚሆነው ማህተሙ ነበር። ሐሰተኛ ማህተም የሚመታ ሰው ስለሚቀጣ ይህ ምልክት ከባለቤቱ ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል።

እንግዲያው ማህተሙን ከታተሙት የአንጥረኞች ዝርዝሮች ጋር አስተያይቶ ነገሩን መጨረስ ነው የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ሆኖም ሁለት ፊደል ብቻ የያዘ ማህተም በተለያየ ከተማና ዘመን የኖሩ የብዙ ሰዎች ሊሆን ይችላል፤ የአንጥረኛ ሚስትም ባሏ ሲሞት ቤቱን ይዛ መቀጠል ትችል ነበር። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሸለቆዎቹ ጉዳይ ነው። ከከተማ ርቀው የሚሠሩት አንጥረኞች የከተማ ምርመራ አልደረሰባቸውም፤ የራሳቸውን ፊደል ብቻ ይመታሉ፤ አንዳንዴም ምንም አይመቱም። ማህተም የሌለውን ሁሉ ሐሰተኛ የሚል ሰብሳቢ የገጠሩን ሥራ በሙሉ ይጥላል። ያሳዝናል፤ ከሁሉ የሚያምሩት ከዚያ ወገን የሆኑበት ጊዜ አለና።

እዚህ ላይ የማንኪያው ቅርጽ ይረዳል። የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ማንኪያ አፉ ሰፊና ክብ መሰል፣ እጀታው ቀጭንና አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ እንክብል፣ ዘውድ ወይም የመልአክ ራስ ይቀመጣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እጀታው ረዘመ፣ ጠፈጠፈ፤ አፉም እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ። ታዲያ ቅርጽ ከፊደል ይበልጣል ማለት ነው? አይበልጥም። ገጠሩ ያረጀውን ቅርጽ አጥብቆ ይወድ ስለነበር፣ በከተማ የተረሳ እንክብል ያለው ማንኪያ በሸለቆ ውስጥ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ቅርጽ የሚነግረን ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ነው፤ እስከ መቼ የሚለውን ከሌላ ምልክት መፈለግ ግድ ነው።

ሁሉም የሚያጠራጥር ከሆነ ምን ቀረ ለሚል መልሱ፣ ምልክቶቹ የሚሳሳቱት በአንድ አቅጣጫ አለመሆኑ ነው። የባለቤቱ ጽሑፍ ዘግይቶ ሊጨመር ይችላል፤ የገጠር ቅርጽ ማንኪያውን ከዕድሜው በላይ ያስረጃል፤ የከተማ ማህተም ግን ከአንጥረኛው ቤት የሥራ ዘመን አይወጣም። ሦስቱ በአንድ ዘመን አካባቢ ከተገናኙ ግምቱ ይጸናል። ካልተገናኙ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የተቀረጸው ዓመት ይሁን።

ለኋለኛው ዘመን ነገሩ ይቀላል። በ1891 የወጣው ሕግ ከ1892 ጀምሮ ሲሠራ፣ የብር ዝቅተኛው ልክ ከሺህ 830 ሆነ፤ 830 እና ኤስ የሚለው ምልክትም ተለመደ። እንክብል ጫፍ ያለው፣ 1650 የተቀረጸበት፣ ግን 830 የተመታበት ማንኪያ ቢቀርብ ክርክር አያስፈልገውም፤ ያለፈውን ዘመን ናፍቆ የተሠራ ቅጂ ነው። የድርጅት ምልክትም ወሰን ያበጃል፦ ኤም ፊደልን መዶሻ ሲያቋርጣት ከታየ የበርገኑ ማሪየስ ሐመር ነው፤ ድርጅቱ የተጀመረው በ1871 ነው። የዴቪድ አንደርሰን ከ1876፣ የያኮብ ቶስትሩፕ ደግሞ ከ1832 ይቆጠራል። የከተማ ስም ተመትቶ ከሆነ አጻጻፉ ራሱ ይረዳል፤ የዛሬዋ ኦስሎ ክሪስቲያንያ ስትባል በሲ ትጻፍ ነበር፤ በኬ መጻፍ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ1877፣ በከተማዋ አስተዳደር ከ1897 ተለመደ፤ በ1925 ስሟ ኦስሎ ሆነ። በኬ የተጻፈ የከተማ ስምና 830 አንድ ላይ የያዘ ማንኪያ እንግዲህ ከ1892 እስከ 1925 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ እጀታው ላይ የቱንም ያህል ያረጀ ዓመት ቢቀረጽበት።