የኦቨን ሰዓት ሞልቶ መውጣት

የኤሌክትሪክ ኦቨን ታይመር የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ምግቡ የሚፈጀውን ጊዜና የሚደርስበትን ሰዓት። የሚጀምርበትን ራሱ ያሰላል። አብዛኛው በ24 ሰዓት ስለሚቆጥር ለ7 ሰዓት ምሳ 13፡00 ተብሎ ይሞላል፤ ለማብሰያ 40 ደቂቃ ከተሰጠው በእኛ አቆጣጠር 6፡20 ላይ ይጀምራል።

ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። በብዙዎቹ ኦቨኖች ላይ የተሞላው ይሰረዝና ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ሰዓቱ እስኪስተካከልም አይሞቁም። ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ሰዓቱን ይሙሉ።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ዓሣ አለ። ጠዋት ከጣና ዳር የገዙትን ቆሮሶ ኦቨን ውስጥ ትተው ቢሮ አይሂዱ። ጥሬ ዓሣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ዘግይቶ መብሰሉም ሁልጊዜ አያድነውም። ታይመሩን ለድንች ያውሉት፤ ዓሣውን ሲመለሱ ያስገቡ።