ከኮኪት የተላከ ጽሑፍ

የአክስቴ ልጅ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ቤቱ ኮኪት ነው፣ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ። ባለፈው ዓመት ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ልጠይቀው ወርጄ ነበር። ማታ ራት በልተን እንዳበቃን ላፕቶፑን አምጥቶ ፊቴ ከፈተው። "አንተ ልጅ፣ የተማርኩት ኮምፒውተር ነው ስትል አልነበር? በል ይቺን አስገባልኝ።"

ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የጻፉት ጥናት ነው፤ ስለ ካላዛር ታማሚዎች የደም ቆጠራ። የሚላከው ደግሞ የደም በሽታዎችን ብቻ ለሚያትም አንድ የውጭ ጆርናል።

እኔ ሶፍትዌር ሠርቼ ነው የምኖረው፤ ፎርም መሥራት እንጀራዬ ነው። ያን ሌሊት ግን ሌላ ሰው በሠራው ፎርም ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ገና ስም ነበር። አንድ ሳጥን ለራስ ስም፣ አንድ ሳጥን ለቤተሰብ ስም፣ ሁለቱም የግድ የሚሞሉ። "ጋሼ፣ የቤተሰብ ስም ይላል" አልኩት። "የእኛ ቤተሰብ ስም የለውም፤ የማንን ነው የሚፈልጉት?" አለኝ። የአባቱን አስገባን። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ነበሩ። "በል እንግዲህ፣ አባቴ ሳይማር ተመራማሪ ሊሆን ነው" ብሎ ሳቀ።

ይኼ የእሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የመጀመሪያውን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዓለም የጥናት ማውጫዎች ውስጥ የሚገኙት ግን "ለማ ኤ." ተብለው ነው። አባትየው ሙሉ ስማቸው ተጽፎ፣ ልጅየው አንድ ፊደል ሆነው ቀርተዋል።

ከስሙ በኋላ ሌላው መጣ። ጭምቁ ለብቻው፣ ሠንጠረዡ ለብቻው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቃድ ቁጥር፣ የተመራማሪ መለያ የሚባል 16 አሃዝ፣ ጽሑፉን ሊገመግሙ የሚችሉ ሰዎች ጥቆማ፣ በመጨረሻም "ይህ ጥናት ለእኛ ጆርናል ለምን ይስማማል?" የሚል ደብዳቤ። መሃል ላይ ኔትወርኩ ጠፋና የሞላነው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ረቂቅ የማያስቀምጥ ፎርም የሠራ ባልደረባዬን ያን ሌሊት ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም።

መልሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጣ። ጨዋ መልስ ነው። ጥናቱ ከጆርናሉ ወሰን ውጭ ነው፤ የሐሩር አካባቢ በሽታዎችን ለሚያትም ብትልኩት ይሻላል ይላል። የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። "ደም አይደለም ማለት ነው እንግዲህ፤ እኔ ስቆጥረው የከረምኩት ምን ነበር?" አለኝ። ቀልዱ ውስጡ መረር ያለ ነበር። ወደ ንባብ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ካላዛርን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ትነድፍና ዓይን የማያየው ጥገኛ ተውሳክ ትተዋለች። የመተማን ሜዳ ያየ ነገሩ ይገባዋል፤ በበጋ የሚሰነጣጠቅ የዋልካ አፈር፣ የግራር ጥላ፣ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ። ተውሳኩ የሚቀመጠው ጣፊያ፣ ጉበትና የአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። መቅኔው ደም የሚፈበረክበት ቦታ ነው፤ ያበጠው ጣፊያ ደግሞ የተፈበረከውን እየያዘ ያስቀረዋል። ስለዚህ ቀይ የደም ሕዋስም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም አንድ ላይ ይወርዳሉ። ሰውየው ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳት እየተመላለሰበት፣ ነስር እየነሰረው ይከሳል። ካልታከመ ይሞታል። በደም ማሽኑ ወረቀት ላይ ለሚያየው ላቦራቶሪስት ይኼ የደም በሽታ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ተውሳኩን መጀመሪያ ያየው ስኮትላንዳዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ሊሽማን ነው። በ1900 ሕንድ ውስጥ ካልካታ አጠገብ ዱምዱም በሚባል የጦር ሰፈር ያገለገለ ወታደር እንግሊዝ አገር ኔትሊ ሆስፒታል ሞተ። ሕመሙንም የዱምዱም ትኩሳት ይሉት ነበር። (አንዳንዱ ሰው "ደም ደም" ብሎ ሲያነበው ሰምቻለሁ። ከእኛ ደም ጋር ዝምድና የለውም፤ ግን ሳይታሰብ ገጥሟል።) ሊሽማን ከሟቹ ጣፊያ በወሰደው ናሙና ውስጥ ትናንሽ ክብ ነገሮች አየ። ምን እንደሆኑ አላወቀም፤ ሦስት ዓመት ዝም አለ። ጽሑፉ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው በግንቦት 1903 ነው። መደምደሚያውም ስህተት ነበር፤ ያየው ነገር የእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ዘመድ ፍርስራሽ ይሆናል ብሎ ነበር የገመተው። በዚያው ዓመት ማድራስ የነበረው ቻርልስ ዶኖቫን ያንኑ ነገር በሕይወት ካለ ልጅ ጣፊያ በመርፌ አውጥቶ አየና ለዚያው ጆርናል ጻፈ፤ ሐምሌ ላይ ወጣለት። ኅዳር ላይ ሮናልድ ሮስ ተውሳኩን "ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ" ብሎ ሰየመው፤ ሁለቱንም አስታረቀ ማለት ይቻላል።

ይኼን ታሪክ ሳነብ የቀናሁት በግኝቱ አይደለም፤ በመንገዱ ነው። አንድ ሰው የተሳሳተ ግምት ጽፎ ላከ፤ ሌላው በሳምንታት ውስጥ አረመው፤ በወራት ውስጥ ተውሳኩ ስም አገኘ። ከወሰናችን ውጭ ነው ያለ አልነበረም። በዚያው ጆርናል ላይ በሚቀጥለው ዓመት በ1904 በሽታው ሱዳን ውስጥ መኖሩ ታተመ።

የኢትዮጵያስ? በጽሑፍ መታወቅ የጀመረው በ1942 ነው፤ ያውም ታማሚዎቹ የእኛ ሰዎች አልነበሩም። ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት በታችኛው ኦሞ በኩል ያለፉ የእንግሊዝ ቅኝ ጦር፣ የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች ታመሙ፤ ሐኪሞቻቸው ጻፉ፤ ለንደን ታተመ። የኦሞ ሰው በሽታውን ከዚያ በፊት አላወቀውም ማለት ነው? ቆጣሪ አልነበረውም እንጂ ሟች ነበረው።

የእኛ ቆላ ተራው የደረሰው በ1978 ነው። መንገሻና አቡሆይ የተባሉ ተመራማሪዎች በመተማና ሑመራ አካባቢ የቀን ሠራተኞች ላይ ስለሚታየው ካላዛር ጽፈው በአንድ የሐሩር ሕክምና ጆርናል አሳተሙ። የመተማ ስም በርዕሱ ላይ አለ። ትምህርት ቤት መተማ ሲባል የምናውቀው የ1889ኙን ጦርነትና የአፄ ዮሐንስን መሞት ነው። እኔ ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው መተማ በሌላ ዓይነት ታሪክ ውስጥም ስሟ እንዳለ ያወቅኩት።

ግን የታተመ ሁሉ ይነበባል ማለት አይደለም። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ከጣና በስተምሥራቅ ባሉት ሊቦ ከምከምና ፎገራ ወረርሽኝ ታወቀ። ሰው ሲሞት ቆይቶ ነበር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር የታሰበው። ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የደም ማነስ፤ ወባም እንዲህ ያደርጋል፣ ስለዚህ በጤና ባለሙያው አልፈርድም። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው የሚለው ዕውቀት ራሱ ነው ዓይን የሸፈነው። ወደ ሑመራና መተማ ሰሊጥ ለማጨድ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ተውሳኩን ይዘውት ሳይመጡ አልቀረም ይባላል። በ1978ቱ ርዕስ ላይ የቀን ሠራተኞች የተባሉት እንግዲህ አገር ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አጨዳው ሲያልቅ ይመለሳሉ።

ወረቀት ተመልሶ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ይኼንን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኩት። ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ሕክምናው ይከብዳል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። በ2006 የታተመ የሑመራ ጥናት እንዳሳየው፣ የቆየው መርፌ ኤችአይቪ ላለባቸው አደገኛ ነው፤ የሚዋጠው ሚልቴፎሲን ደግሞ ሳይጎዳቸው፣ ግን በደንብ ሳያድናቸው ይቀራል። በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት ሚልቴፎሲንን አምቢዞም ከሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጋር አንድ ላይ ሞከረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያውን ሲያወጣ ለምሥራቅ አፍሪካ ይኼንኑ ጥምረት መከረ። የተመረመረው ሰው፣ ጽሑፉና መድኃኒቱ አንድ አገር ላይ ተገናኙ።

"እነዚህስ ለደም ጆርናል ነው የላኩት?" አለኝ።

አይደለም። ሁለተኛው ችላ የተባሉ የሐሩር በሽታዎች ለሚል ጆርናል ነው የተላከው። "ችላ የተባሉ" የሚለው ቃል የጆርናሉ ስም ውስጥ አለ። "ብለድ" የተባለው ዋናው የደም ጆርናል በጥር 1946 ዊልያም ዳምሼክ በሚባል የቦስተን ሐኪም አዘጋጅነት ሲጀመር፣ የደም ሕክምና የራሱ ቤት አገኘ። ቤት ሲሠራ ግን ግድግዳ ይኖረዋል። በ1903 ጣፊያና ደም፣ ተውሳክና ትኩሳት በአንድ ሳምንታዊ ጆርናል ላይ ጎን ለጎን ይወጡ ነበር። ዛሬ ደሙ ወደ አንዱ ክፍል፣ ተውሳኩ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ታማሚው ግን አንድ ሰው ነው። አዘጋጆቹን አልወቅስም። እኔም ብሆን በቀን መቶ ጽሑፍ ቢመጣብኝ መጀመሪያ የምጽፈው የማጣሪያ ኮድ ነው። የሚያሳስበኝ ማጣሪያው የማን በሽታ ላይ ቶሎ እንደሚሠራ ነው።

በጥር ጽሑፉን እንደገና ልናስገባ ተቀመጥን፤ አሁን እሱ ኮኪት፣ እኔ አዲስ አበባ፣ በስልክ። የሐሩር በሽታዎች ጆርናል ነው። ደብዳቤውን ቀየርነው፤ የደም ቆጠራው ግን አንድ ቁጥር አልተነካም። የክፍያው ገጽ ላይ ስንደርስ ከዝቅተኛ ገቢ አገር ለሚጽፉ የምሕረት ሳጥን አለ፤ ምልክት አደረግኩበት። ረቂቁን በየደቂቃው አስቀመጥኩ።

"አባቴንስ አስገባሃቸው?" አለኝ።

"አስገብቻቸዋለሁ።"

"ፊደላቸውን እንዳትገድፍ። ባለፈው አንድ ገድፈህ ነበር።"